ፋርማሲስቱ መስኮት ላይ፣ ስህተቱ ዋርድ ውስጥ

ስለ ክሊኒካል ፋርማሲ ወሬ በተነሳ ቁጥር ሁለት ጥያቄዎች ተከትለው ይመጣሉ። አንደኛው «ፋርማሲስት ዋርድ ውስጥ ምን ይሠራል? መድኃኒቱን ሰጥቶ መሸኘት አይደል እንዴ ሥራው?» የሚል ነው። ሁለተኛው ትንሽ ቆጣ ያለ ነው፦ «ሐኪሙን ሊቆጣጠሩት ነው?»

ሁለቱም ጥያቄዎች ከአንድ ሥዕል የሚመጡ ናቸው። አብዛኛው ሰው ፋርማሲስትን የሚያውቀው በመስኮት በኩል ነው። ማዘዣ ይገባል፣ መድኃኒት ይወጣል፣ «ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ በኋላ» ይባላል። አለቀ። ሥዕሉ ውሸት አይደለም፤ ጎዶሎ ነው እንጂ። ከመስኮቱ ጀርባ የቆመው ሰው ዓመታት ፈጅቶ የተማረው መድኃኒት ሰውነት ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሆን፣ ከምን ጋር እንደሚጣላ፣ መቼ እንደሚመርዝ ነው። ይህ ሁሉ እውቀት መስኮቱ ላይ ሥራ ፈቶ ይቀመጣል ማለት ይቻላል። ምክንያቱም እዚያ የሚደርሰው ወረቀት ብቻ ነው። የታካሚው የላቦራቶሪ ውጤት፣ የትናንት ማታው ትኩሳት፣ ቤቱ ሲወስደው የነበረው መድኃኒት በመስኮት አይታዩም።

ሆስፒታሎች የክሊኒካል ፋርማሲ አገልግሎትን ያስፉ የሚለው ሐሳብ ጉልበት የሚያገኘው ከዚህ ሲነሳ ነው። ጉዳዩ የሙያ ክብር አይደለም። መድኃኒት አዋቂው የሚቆምበት ቦታና ስህተቱ የሚፈጠርበት ቦታ ተራርቀዋል።

## ቃሉ ሲፈታ

«ክሊኒካል» የሚለው ቃል ሥሩ ግሪክ ነው፤ «አልጋ» ከሚል ቃል የመጣ ነው። ለዚህ ሙያ ከዚህ የተሻለ ፍቺ አይገኝለትም። ክሊኒካል ፋርማሲ ማለት ከአልጋው አጠገብ የሚሠራ ፋርማሲ ነው። ፋርማሲስቱ ከሐኪሞችና ከነርሶች ጋር ራውንድ ይወጣል። ራውንድ የሕክምና ቡድኑ ከአልጋ አልጋ እየዞረ የእያንዳንዱን ታካሚ ሁኔታ የሚያይበት የዕለት ጉብኝት ነው። ፋርማሲስቱ ከዚያ በፊት ቻርቱን (የታካሚውን የሕክምና መዝገብ) አንብቧል፣ የላቦራቶሪ ውጤቱን አይቷል። ዶዙ ለዚህ ሰው ልክ ነው? ሁለቱ መድኃኒቶች አይጣሉም? አንቲባዮቲኩ ከተጀመረ ስንት ቀኑ ነው፣ መቆም የለበትም? በደም ሥር የሚሰጠው በሚዋጥ ቢቀየርስ? እነዚህን ይጠይቃል፣ ሐሳብ ያቀርባል፣ የሚመጣውን ለውጥ ይከታተላል። በሽታውን መርምሮ ማወቅ የሐኪሙ ሥራ እንደሆነ ይቀጥላል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1966 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሳን ፍራንሲስኮ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ዘጠነኛ ፎቅ ላይ፣ ሕሙማን በተኙበት ወለል፣ አንዲት ትንሽ ፋርማሲ ተከፈተች። ፋርማሲስቶቹ ከምድር ቤት ወጥተው ከሐኪሙና ከነርሷ ጋር መዋል ጀመሩ። በ1990 ደግሞ ሄፕለርና ስትራንድ የተባሉ ሁለት ምሁራን የፋርማሲስቱ ኃላፊነት መድኃኒቱን በማስረከብ እንደማያበቃ ጻፉ። መድኃኒቱ ለታካሚው እስከሚያመጣው ውጤት ድረስ ይዘልቃል አሉ። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ ይመስላል። ግን ተጠያቂነቱ መድኃኒቱን ሲያስረክብ የሚያልቅ ሰውና ታካሚው ሲሻለው የሚያልቅ ሰው ውሏቸው አንድ ሊሆን አይችልም።

## ስህተቱ የሚፈጠረው የት ነው?

እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት በቦስተን ሁለት ትልልቅ ሆስፒታሎች ውስጥ ሊቀሩ ይችሉ የነበሩ የመድኃኒት ጉዳቶችን ተከታትሎ ነበር። ጥያቄው ቀላል ነው፦ ከማዘዝ እስከ መዋጥ ባለው መንገድ ላይ ስህተቱ የገባው የቱ ጋ ነው? መልሱ እንዲህ ወጣ። 56 በመቶው ሐኪሙ ሲያዝ ነው። 34 በመቶው መድኃኒቱ ለታካሚው ሲሰጥ ነው። 6 በመቶው ትእዛዙ ወደ ሌላ ወረቀት ሲቀዳ ነው። ፋርማሲው መድኃኒቱን አዘጋጅቶ ሲያወጣ የተፈጠረው 4 በመቶ ብቻ ነው።

እዚህ ጋ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የተለመደው አሠራር የመድኃኒት ባለሙያውን በሙሉ ያቆመው አራት በመቶው ያለበት ቦታ ላይ ነው። ዘጠና በመቶው ደግሞ እሱ በሌለበት በዋርዱ ውስጥ ይፈጠራል። እርግጥ ፋርማሲው አራት በመቶ ላይ የቆየው አንዱ ምክንያት እዚያ ባለሙያ ስላለ ሊሆን ይችላል። መስኮቱን ባዶ ማድረግ ይሻላል የሚል ትርጉም የለውም።

ያው ጥናት ሌላም ነገር አሳይቷል። ሲታዘዝ ከተፈጠሩት ስህተቶች 48 በመቶው ታካሚው ጋ ሳይደርሱ ተይዘዋል። ፋርማሲስቱ ወይም ነርሷ አይታ «ይሄ ነገር ልክ ነው?» ብላለች። መድኃኒቱ ሲሰጥ ከተፈጠሩት ውስጥ የተያዘ ግን አንድም አልነበረም፤ ዜሮ። ነርሷ የሰንሰለቱ መጨረሻ ናት። ከኋላዋ ማንም የለም።

ለምሳሌ ታካሚው መዋጥ አቅቶት በአፍንጫ ቱቦ ገብቶለታል እንበል። የሚዋጠው ክኒን ተፈጭቶ፣ በውኃ ተበጥብጦ በቱቦው ይሰጣል። ይህ ለብዙ ክኒኖች ችግር የለውም። ክኒኑ ቀስ እያለ ቀኑን ሙሉ እንዲለቅ ተደርጎ የተሠራ ከሆነ ግን ሲፈጭ የ24 ሰዓቱ መጠን በአንዴ ይለቀቃል። የደም ግፊት መድኃኒት ከሆነ ግፊቱ ሊወድቅ ይችላል። ማዘዣው ልክ ነው፣ የወጣውም መድኃኒት ልክ ነው፣ ነርሷም የታዘዘችውን አድርጋለች። ስህተቱን መስኮት ላይ የቆመ ሰው ሊያየው አይችልም፤ ቱቦ መግባቱን በምን ያውቃል?

## 1.1 የምትል ቁጥር

የዋርድ ሥራው ምን እንደሚመስል በአንድ ስሌት እንይ። አንዲት የ80 ዓመት እናት እግራቸው ላይ ደም ረግቶ ሆስፒታል ገብተዋል እንበል። ክብደታቸው 45 ኪሎ ነው። ክሪያቲኒናቸው 1.1 ነው። ክሪያቲኒን ከጡንቻ የሚወጣ ቆሻሻ ነው፤ ኩላሊት ያጣራዋል። ደም ውስጥ ከበዛ ኩላሊት ደክሟል ማለት ነው። 1.1 በብዙ ላቦራቶሪዎች ወረቀት ላይ ምንም ምልክት አይደረግበትም። «ኖርማል» ነው።

ግን ጡንቻቸው ያነሰ አረጋዊ የሚያመርቱት ክሪያቲኒንም ያነሰ ነው። ኩላሊታቸው ቢደክምም ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ይታያል። ስለዚህ ዕድሜን፣ ክብደትንና ጾታን አስገብቶ ማስላት ያስፈልጋል። ለዚህ ከ1976 ጀምሮ ሥራ ላይ ያለ ኮክሮፍት-ጎልት የሚባል ቀመር አለ። ከ140 ላይ ዕድሜያቸውን ስንቀንስ 60። በ45 ኪሎ ስናባዛው 2,700። ለ72 በ1.1 ብዜት ስናካፍለው 34። ሴት ስለሆኑ በ0.85 ሲባዛ 29 ሚሊ ሊትር በደቂቃ ይመጣል፤ የኩላሊታቸው የማጣራት አቅም ግምት ነው። ያው 1.1 ክሪያቲኒን ያለው የ25 ዓመት፣ 70 ኪሎ ወጣት ወንድ ሲሰላለት 102 ገደማ ይወጣል። ወረቀቱ ላይ አንድ ቁጥር ነው፤ ኩላሊቶቹ ግን በሦስት እጥፍ ይለያያሉ።

አሁን ለእኚህ እናት ኢኖክሳፓሪን የሚባል ደም እንዳይረጋ የሚከላከል መርፌ ታዘዘ። የተለመደው የሕክምና ዶዝ ለእያንዳንዱ ኪሎ 1 ሚሊ ግራም ሆኖ በቀን ሁለት ጊዜ ነው። ስለዚህ 45 ሚሊ ግራም ጠዋት፣ 45 ማታ። የኩላሊት አቅም ከ30 በታች ሲሆን ግን መድኃኒቱ ተጠራቅሞ ደም እንዳያፈስ መርፌው በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። 29 ከ30 በታች ነው። ማዘዣው መስኮት ላይ ሲደርስ ፍጹም ትክክል ይመስላል። እዚያ ያለው ፋርማሲስት ዕድሜውን ቢያይ ክብደቱን አያይም፣ ክብደቱን ቢያይ ክሪያቲኒኑን አያይም። ዋርድ ውስጥ ግን ሦስቱም አንድ ቻርት ላይ አሉ። ስሌቱ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የሚፈልገው ይህን ማስላት የዕለት ሥራው የሆነ ሰው ብቻ ነው።

ሐኪሙ ይህን አያውቅም ማለት አይደለም። ያውቃል። ግን በዚያች ሰዓት ምርመራውን፣ የቤተሰቡን ጥያቄ፣ አልጋ የሚጠብቀውን ቀጣይ ታካሚ ሁሉ አንድ ላይ ተሸክሟል።

## ሲገቡና ሲወጡ

ሌላው ለአደጋ የተጋለጠ ጊዜ ታካሚው ከቦታ ቦታ ሲዘዋወር ነው። ሆስፒታል ሲገባ ቤቱ የሚወስደው መድኃኒት ዝርዝር በቃል ይጠየቃል፤ «ለግፊት አንዲት ነጭ ክኒን» የሚል መልስ ይመጣል። የመድኃኒት ማመሳከር የሚባለው ሥራ ይህን ዝርዝር በትክክል ማጣራትና ሆስፒታሉ ካዘዘው ጋር ጎን ለጎን ማስተያየት ነው። ታካሚው ይዞት የመጣው ፌስታል ይገለበጣል። ውስጡ ላሲክስ የሚል ካርቶን አለ። ፉሮሴማይድ የሚል ሌላ ካርቶንም አለ። ሁለቱም አንድ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ናቸው፤ አንዱ የንግድ ስም ነው፣ ሌላው የመድኃኒቱ ስም። ሰውየው ሁለቱንም ሲወስድ ከርሞ ውኃው አልቆ፣ ፖታሲየሙ ወርዶ ሊሆን ይችላል የገባው። ይህን ሳያውቅ የሚጀመር ምርመራ ሩቅ ቦታ ሊሄድ ይችላል።

ሲወጣም እንደዚያው ነው። የቆመው፣ የተቀየረው፣ አዲስ የተጀመረው ካልተነገረው የድሮውንም የአዲሱንም አብሮ መዋጥ ይጀምራል።

## ማስረጃው ምን ያህል ጠንካራ ነው?

ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በ1999 የታተመው የማሳቹሴትስ ጀነራል ሆስፒታል ጥናት ነው። አንድ ፋርማሲስት በፅኑ ሕሙማን ክፍል ራውንድ እንዲወጣ ተደረገ። ከማዘዝ ስህተት የሚመጣው፣ ሊቀር ይችል የነበረ ጉዳት ከ1,000 የታካሚ ቀናት 10.4 ከነበረበት ወደ 3.5 ወረደ። 66 በመቶ ቅናሽ ነው። ፋርማሲስቱ ደግሞ እዚያ የሚውለው ግማሽ ቀን ያህል ነበር።

ታካሚው ከወጣ በኋላ ያለው ታሪክ ግን የተደበላለቀ ነው። እዚህ ላይ የአገልግሎቱ ደጋፊዎች አንዳንዴ ቸኩለው ያወራሉ። በስዊድን ኡፕሳላ በ2009 የወጣ ጥናት ዕድሜያቸው 80 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 400 ታካሚዎችን ተከታትሎ ነበር። ፋርማሲስት ያገኙት ወደ ድንገተኛ ክፍል መመላለሳቸው በ47 በመቶ፣ በመድኃኒት ምክንያት ተመልሰው መተኛታቸው በ80 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ቁጥሩ ያስደስታል። እዚያው ስዊድን ውስጥ በ2021 የወጣ፣ በአራት ሆስፒታሎች 2,637 ታካሚዎችን ያካተተ በጣም ትልቅ ሙከራ ግን ያልታቀደ የሆስፒታል ጉብኝት ላይ ለውጥ አላገኘም። ክትትል በተጨመረላቸው ላይ ጭራሽ ወደ ድንገተኛ ክፍል መምጣት ጨምሮ ታይቷል።

በዴንማርክ የተሠራ ጥናት ደግሞ ሌላ ብርሃን ይሰጣል። በ2018 የወጣ ሲሆን 1,467 ታካሚዎች በሦስት ተከፍለዋል። አንዱ ቡድን የተለመደውን አገልግሎት አገኘ። ሁለተኛው ቡድን መድኃኒቱን ፋርማሲስት ገመገመለት፣ በዚሁ አበቃ። ሦስተኛው ቡድን ከግምገማው በተጨማሪ ከፋርማሲስቱ ጋር ቁጭ ብሎ ተነጋገረ፤ ከወጣ በኋላም ከሐኪሙ፣ ከፋርማሲውና ከራሱ ከታካሚው ጋር ግንኙነቱ ቀጠለ። በሁለተኛው ቡድን ተመልሶ መተኛት አልቀነሰም። በሦስተኛው በ30 ቀን ውስጥ ተመልሶ መተኛት በሲሶ ያህል ቀነሰ።

ከእነዚህ ሁሉ የሚወጣው ሚዛናዊ ንባብ የሚከተለው ይመስለኛል። ታካሚው ተኝቶ ሳለ የሚደርስን የመድኃኒት ጉዳት ለመቀነስ በተለይ በፅኑ ሕሙማን ክፍል ያለው ማስረጃ ጥሩ ነው። ከወጣ በኋላ እንዳይመለስ ማድረግ ግን ገና አከራካሪ ነው፤ ግማሽ መንገድ ሄዶ መቆም ደግሞ ምንም ላያመጣ ይችላል። ለሆስፒታል አስተዳደር «ተመላሽ ታካሚ ይቀንስልሃል» ብሎ ቃል የሚገባ ሰው በማያውቀው ነገር ላይ እየተዋዋለ ነው።

## ኮምፒውተሩ አይበቃም?

ተገቢ ጥያቄ ነው። ማዘዣ በኮምፒውተር የሚጻፍባቸው ሆስፒታሎች ውስጥ ሲስተሙ ራሱ «እነዚህ ሁለት መድኃኒቶች ይጋጫሉ» ይላል። ችግሩ በጣም ብዙ ጊዜ መናገሩ ነው። ቀላሉንም ከባዱንም እኩል ይጮሃል። የማስጠንቀቂያ መሰላቸት የሚባለው ይኸው ነው፦ ሰው ጩኸቱን ይለምደውና ሳያነብ ያልፈዋል። በ2006 የታተመ የጥናቶች ግምገማ ሐኪሞች ከእንዲህ ዓይነት ማስጠንቀቂያዎች ከ49 እስከ 96 በመቶውን እንደሚያልፏቸው አሳይቷል። ኮምፒውተሩ ይጠቅማል፤ ከመቶ ጩኸት ውስጥ ሦስቱን መርጦ «ይሄኛው የምር ነው» የሚል ሰው ግን ያስፈልገዋል። የፌስታሉንም ጉዳይ ኮምፒውተሩ አያውቀውም።

## «የሐኪሙን ሥራ ሊቀሙ ነው?»

ከሐኪሞች የሚነሳው ስጋት ሁሉ የሥልጣን ጉዳይ ተደርጎ መታየት የለበትም። አንዳንዱ መሬት ላይ ያለ ጥያቄ ነው። ፋርማሲስቱ ያቀረበው ሐሳብ ተቀባይነት አግኝቶ ታካሚው ቢጎዳ ማን ይጠየቃል? ታካሚው ከሐኪሙ አንድ ነገር፣ ከፋርማሲስቱ ሌላ ነገር ቢሰማ የቱን ይመን? ዋርድ ልምድ የሌለው አዲስ ምሩቅ መጽሐፍ ላይ ያለውን ሁሉ ግጭት እየቆጠረ ራውንዱን ቢያስረዝመውስ? ይህ የመጨረሻው በተግባር የሚያጋጥም ነው፤ የክሊኒካል ፋርማሲን ስም የሚያጠፋውም እሱ ነው። ጥሩ ክሊኒካል ፋርማሲስት የሚለየው ምን እንደሚናገር በማወቁ ብቻ ሳይሆን ምን እንደሚያልፍ በማወቁም ነው።

አብሮ መሥራት ሲጀመር ግን ፍጥጫው ብዙ ጊዜ ከተፈራው ያነሰ ይሆናል። በዚያ በማሳቹሴትሱ ጥናት ፋርማሲስቱ ማዘዣ ላይ ካቀረባቸው 366 ሐሳቦች ሐኪሞቹ 362ቱን ተቀብለዋል።

የሥልጣኑ ወሰን በየቦታው ይለያያል። በብዙ ቦታ ፋርማሲስቱ ያማክራል፣ የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ሌላው መንገድ አስቀድሞ በተስማሙበት መመሪያ ውስጥ፣ ለምሳሌ የቫንኮማይሲን (አንቲባዮቲክ) ወይም የዋርፋሪን (የደም ማቅጠኛ) ዶዝ፣ በላቦራቶሪ ውጤት ተመርኩዞ ራሱ እንዲያስተካክል መፍቀድ ነው። ብሪታኒያ ከ2006 ጀምሮ ተጨማሪ ሥልጠና የወሰዱ ፋርማሲስቶች በራሳቸው እንዲያዙ ፈቅዳለች። አገልግሎቱን ለማስፋት ግን እዚያ ድረስ መሄድ ግዴታ አይደለም። ማማከሩ እንኳ የሚሠራው ሐሳቡ ቻርት ላይ በጽሑፍ ሲሰፍር ነው። በቃል ተነግሮ የሚረሳ ምክር ተጠያቂም የለውም፣ ማስረጃም አይሆንም።

## ገንዘቡ

የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 ያለጉዳት መድኃኒት የሚል ዘመቻ ሲጀምር በመድኃኒት ስህተት የሚባክነውን ገንዘብ በዓመት 42 ቢሊዮን ዶላር ገምቶት ነበር። ከባድና ሊቀር የሚችለውን ጉዳት በአምስት ዓመት በግማሽ የመቀነስ ግብም አስቀምጧል። ከ2001 እስከ 2005 የታተሙ የክሊኒካል ፋርማሲ ጥናቶችን የሰበሰበ ግምገማ ደግሞ ለወጣው 1 ዶላር በመካከለኛ ግምት 4.81 ዶላር ጥቅም ተገኝቷል ይላል።

ይህን ቁጥር በጥንቃቄ መያዝ ይሻላል። ያልተሳካለት አገልግሎት ብዙ ጊዜ አይታተምም። «ያልደረሰ ጉዳት» ዋጋ ደግሞ በስሌት የሚመጣ እንጂ ካዝና ውስጥ የሚቆጠር ገንዘብ አይደለም። ደመወዙ ግን በየወሩ ይቆጠራል። የፋይናንስ ኃላፊው ቢያመነታ አይፈረድበትም። የሚጨበጠው ቁጠባ ያለው ሌላ ቦታ ነው፦ ሳያስፈልግ የቀጠለ ውድ አንቲባዮቲክ ሲቆም፣ በደም ሥር የሚሰጠው በክኒን ሲተካ፣ ታካሚው በዚህ ምክንያት ቀድሞ ቤቱ ሲገባ።

## ማስፋት ሲባል

ሁሉንም ዋርድ በአንድ ቀን መሸፈን አይቻልም። ስህተት ብዙ ዋጋ ከሚያስከፍልበት መጀመር ያዋጣል፦ ፅኑ ሕሙማን ክፍል፣ ዶዝ በኪሎ እየተሰላ አንዲት ነጥብ ቦታዋን ብትስት አሥር እጥፍ የሚሰጥበት የሕፃናት ክፍል፣ የኩላሊትና የካንሰር ታካሚዎች፣ ብዙ መድኃኒት የሚወስዱ አረጋውያን።

ትልቁ እንቅፋት ግን ያለው መስኮቱ ላይ ነው። ወረፋው ሲረዝም በመጀመሪያ የሚጠራው ዋርድ የወጣው ፋርማሲስት ነው። ወረፋ ይታያል፣ ይጮሃል፤ ያልተሰላ ኩላሊት አይጮህም። ስለዚህ መስኮቱን በሠለጠኑ የፋርማሲ ቴክኒሺያኖች ሳያጠናክሩ «ክሊኒካል ፋርማሲ ጀምረናል» ማለት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስም መጨመር ብቻ ይሆናል። ለዋርዱ የተመደበው ሰው በሳምንት ስንት ሰዓት እዚያ እንደቆየ፣ ስንት ሐሳብ አቅርቦ ስንቱ እንደተተገበረ መመዝገብ አለበት።

የማታውና የቅዳሜ እሑዱ ጉዳይም አለ። የእኚያ የ80 ዓመት እናት መርፌ የታዘዘው ዓርብ ማታ ነው እንበል። ፋርማሲስቱ ሰኞ ጠዋት ገብቶ ቻርቱን ይከፍታል፣ ያሰላል፣ 29 ያገኛል። እስከዚያ ድረስ አምስት መርፌ ተወግተዋል። የሚገባቸው ሦስት ነበር።